አላሜሉ የስም ዘበኛ

ሰኞ ጧት በማይላፖር ሰፈር ወደሚገኘው የሴሻድሪ የጠበቆች ቢሮ የገባ ሰው አስቀድሞ የሚሰማው የአላሜሉን ማነብነብ ነበር። ለማያውቃት ጸሎት የምታደርስ ትመስላለች። የምታነበንበው ግን የሳሙና፣ የሻይ ቅጠል፣ የጫማ ቀለምና የራስ ምታት ቅባት ስም ነው። የንግድ ምልክት ለማስመዝገብ ያመለከቱ ሰዎች ስምና ሥዕል በየሳምንቱ በመንግሥት ጋዜጣ ይወጣል። የአላሜሉ ሥራ ያንን ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ፣ ከቢሮው ደንበኞች የአንዱን ስም የሰረቀ ወይም ሊሰርቅ ያሰበ እንዳለ ማሽተት ነበር። «ቀይ ዝሆን» የሚባል ሻይ ያለው ደንበኛ ቢኖር፣ አንዱ ብልጥ ተነሥቶ «ቀዩ ዝሆን» ብሎ ይመጣል፤ ያን ጊዜ አላሜሉ በእርሳሷ ትከብበውና ለጠበቆቹ ታቀብላለች። ሳይታይ ካለፈ፣ የመቃወሚያው ጊዜም ካበቃ፣ ሌባው በሕግ ባለቤት ይሆናል።

«ጮክ ብዬ የማነበው፣ ዓይኔ የዘለለውን ጆሮዬ እንዲይዘው ነው» ትል ነበር ለጠየቃት ሁሉ።

እንግዳ ተቀባይዋ ስቴላ ከጠረጴዛዋ ሆና ትቀልድባታለች።

«አካ፣ ዛሬስ ስንት ሌባ ያዙ?»

«ሁለት ሳሙናና አንድ ቅመም።»

«ቅመሙን እንዳይለቁት! እሱ ነው ተደጋጋሚው።»

አካ ማለት ታላቅ እህት ማለት ነው፤ በቢሮው ከእሷ የሚያንስ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራት። በዕድሜ ከሃምሳ ብታልፍም ጸጉሯ ላይ የምትሰካው የጃስሚን አበባ አንድም ቀን ጠውልጎ አይታይም። የሳሪዋ እጥፋት በማስመሪያ የተሰመረ ነው የሚመስለው።

የኩምባኮናም ከተማ ልጅ ናት። አባቷ በሱቆች ግንባር ላይ ስም የሚጽፍ ሰዓሊ ነበር፤ እሷም በልጅነቷ ከመሰላሉ ሥር ቆማ የቀለም ቆርቆሮ ትይዝለታለች። ፊደል የለየችው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአባቷ ብሩሽ ነው ብትባል ማጋነን አይሆንም። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ሱንዳሬሳን የሚባል የመብራት ኃይል ሠራተኛ አገባች። ድምፀ መረዋ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። አንድ ቀን ከሥራ መጥቶ ጫማውን እያወለቀ ሳለ ልቡ ቆመ። ልጃቸው ሚቲሊ ገና የትምህርት ቤት ቀሚስ የምትለብስ ልጅ ነበረች።

ለቅሶው በረድ ሲል የሱንዳሬሳን የልጅነት ጓደኛ፣ ጠበቃው ሴሻድሪ፣ ቤቷ መጣና በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

«ቢሮዬ ውስጥ ዓይን ያለው ሰው ቸግሮኛል» አላት፤ ምጽዋት እንዳይመስልባት ተጠንቅቆ። «አንቺ ደግሞ የሰዓሊ ልጅ ነሽ። ፊደል አያመልጥሽም።»

እንዲህ ሆና ገባች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሚቲሊን ያስተማረችው፣ የዳረችው፣ የቤቷን ጣሪያ ያሳደሰችው ከዚያችው ወንበር ላይ ነው። መጀመሪያ መጀመሪያ ሥራውን ወደደችው። በየሳምንቱ ያገሩ ብልጣብልጥ ሁሉ በፊቷ ተሰልፎ ሲያልፍ ማየት ያስቅ ነበር። ዓመታት ሲደራረቡ ግን ሰለቻት። ጋዜጣውም ከዓመት ዓመት እየወፈረ ሄደ። ዓይኗ ይደርቃል፤ መድኃኒት ጠብ ታደርግበታለች። ተኝታ እንኳ ስሞቹ ከሽፋሽፍቷ ሥር እንደ ጉንዳን ይሄዳሉ። የእህቷ ልጅ ስትዳር የጥሪ ካርዱን አንሥታ «ሱማቲ እና ሱማንት» የሚለውን አነበበችና ሳታስበው፣ «በጣም ይመሳሰላሉ፤ ሕዝብ ያደናግራል» አለች። ዘመድ አዝማድ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን ወደ ጓዳ ገብታ፣ «ምን ሆኜ ነው?» ብላ ራሷን ጠየቀች።

ለማንም አልተናገረችም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ! ያጎረሰ እጅ ይከበራል እንጂ፣ ጉርሻህ መረረኝ እንዴት ይባላል?

ነገሩ የተለወጠው የሴሻድሪ ልጅ ኒራንጃና ከቤንጋሉሩ ስትመለስ ነው። እዚያ በትልቅ የጠበቆች ድርጅት ውስጥ ሠርታለች። አባቷ ሲደክመው ቢሮውን ልትረከብ መጣች። ፈጣን ናት፤ ስትሄድ እንኳ ከጥላዋ የምትቀድም ትመስላለች። በመጀመሪያው ወር ዝም ብላ ተመለከተች። ያየችውም ይህ ነው፤ ሁሉም ሰው ቀኑን ሙሉ ላቡን ጠብ አድርጎ ይሠራል፣ የሚሠራው ግን ትናንት የሠራውኑ ነው። አንዱ ያንኑ የውክልና ወረቀት ስም እየቀየረ ሲተይብ ይውላል። ሌላው የፍርድ ቤት ቀጠሮ ከግድግዳ ወደ ማስታወሻ፣ ከማስታወሻ ወደ ግድግዳ ይገለብጣል። ደንበኛ ደውሎ «ጉዳዬ የት ደረሰ?» ሲል ግን ተረጋግቶ የሚያነጋግረው ሰው የለም።

ስለዚህ በየተራ ነካካችው። ቀጠሮውን ኮምፒውተር በየስልኩ እንዲያስታውስ አደረገች። ውክልናውም የደንበኛው ስም ብቻ ሲገባለት ራሱ ተሞልቶ ይወጣ ጀመር። ሰው መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ ወደ ቤቱ በጊዜ መግባት ሲጀምር ማጉረምረሙን ረሳው። በመጨረሻ ኒራንጃና ሁሉንም በስብሰባ ክፍሉ ሰብስባ ጋዜጣው ላይ ደረሰች።

«ስሞቹን የሚያወዳድር ፕሮግራም አለ» አለች። «በድምፅም፣ በአጻጻፍም፣ ሥዕሉንም ጭምር ያያል። ሰኞን ሙሉ የሚፈጀውን...»

«አይሆንም!» ሴሻድሪ ጠረጴዛውን መታ። ቁጡ ሰው አይደለም፤ ስለዚህ ሁሉም ደነገጠ። «ሌላውን ሁሉ እሺ ብያለሁ። ቀጠሮውን ያስታውሰን፣ ውክልናውንም ይጻፈው። ጋዜጣው ግን አይነካም። እኔ በሕይወት እያለሁ የአላሜሉን ወንበር የሚስብ የለም!»

ሁሉም ዞር ብሎ አላሜሉን አያት። ስቴላ ከጠረጴዛው ሥር እጇን ጨበጥ አደረገቻት። አላሜሉ እንደ ወጉ አንገቷን ሰበር አድርጋ ፈገግ አለች። በሆዷ ግን፣ «እባካችሁ ሳቡት! ጎትታችሁ አውጥታችሁ ጣሉት!» ትል ነበር።

ወደ ቤቷ ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ በራሷ ተናደደች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። መድኃኒቱ እደጃፏ ድረስ መጥቶላት፣ እሷ በፈገግታ ሸኘችው።

በማግሥቱ በምሳ ሰዓት ኒራንጃና ሳህኗን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። አላሜሉ እርጎ የተለወሰ ሩዟን እየበላች ነበር።

«አካ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት» አለች ልጅቷ። «ከሥራ ላስወጣዎት ያሰብኩ መስሎዎት ከሆነ...»

«ምን አሰብሽ?»

«ማለቴ ጋዜጣውን እንደሚወዱት አላወቅሁም ነበር።»

አላሜሉ ጉርሻዋን ዋጠች። ግራና ቀኝ አየች። ስቴላ ስልክ ላይ ናት።

«ማነው እወደዋለሁ ያለሽ?»

«አባባ!»

«አባትሽ ጥሩ ሰው ናቸው» አለች አላሜሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን እኔን ጠይቀውኝ አያውቁም። እኔም ነግሬያቸው አላውቅም። ያ ጋዜጣ ስንት ዓመት ሙሉ ዓይኔን ሲበላ ኖሯል። ማሽንሽን ዛሬውኑ አምጪውና ይብላው!»

ኒራንጃናን ሳቅ ያዛት፤ ለማፈን ብትሞክር የምትበላው ሳምባር ወጥ ትን አላት፤ አላሜሉ ጀርባዋን መታ መታ አደረገችላት።

ሰኞ ሲመጣ ሁለቱ ተማክረው ሞከሩት። አላሜሉ እንደ ልማዷ አነበነበች። ኒራንጃና በበኩሏ ያንኑ ጋዜጣ ለፕሮግራሙ ሰጠችው። የአላሜሉ ቡና ላይ ያለው አረፋ ሳይወርድ ማሽኑ ጨርሶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሲያስተያዩት አላሜሉ የከበበችውን ሁሉ ማሽኑም አግኝቶታል። የማይረባም ደርቦ አምጥቷል።

«እስኪ እዪልኝ!» አለች አላሜሉ በሳቅ ተይዛ። «የእኛ ደንበኛ ላክሽሚ ዳቦ ነው፤ ይኼ ደግሞ ላክሽማን ጎማ። ዳቦ ልገዛ ብሎ ወጥቶ ጎማ ተሸክሞ የሚገባ የት አገር ነው ያለው?»

«እሱን እንዲተው ማዘዝ ይቻላል» አለች ኒራንጃና።

«እዘዢው። የቀረውን እኔ አይቼ አበጥረዋለሁ። ከምሳ በፊት ያልቃል።»

«አባባስ?»

አላሜሉ የሳሪዋን ጫፍ ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «አባትሽን ለእኔ ተዪልኝ።»

ሴሻድሪ በክፍሉ መስኮት ላይ ያለችውን የቱልሲ ተክል ውሃ እያጠጣ ነበር።

«ሳር፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር» አለች፤ በቢሮው «ጌታዬ» ለማለት እንዲያ ነው የሚሉት።

«ኒራንጃና አስቸገረችሽ አይደል? ይቺ ልጅ...»

«እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። ጋዜጣውን ጠልቼዋለሁ።»

ሴሻድሪ ዞር አለ። ማጠጫውን በእጁ እንደያዘ ውሃው ወለሉ ላይ ይወርዳል።

«ጠልቼዋለሁ ነው ያልሽው?»

«እንደ ሬት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሚቲሊ ኮሌጅ ሳትገባ ጀምሮ።»

«ሚቲሊ አሁን የልጅ እናት አይደለችም እንዴ?»

«ናት።»

«ታዲያ ምን ለጉሞሽ ነው እስከ ዛሬ?»

«እርስዎ ነዎት የሰጡኝ፣ ሳር። ያን ጊዜ ባይሰጡኝ ኖሮ የት እወድቅ ነበር? እንዴት ብዬ...»

ሴሻድሪ ማጠጫውን አስቀምጦ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። ቀጥሎ እንደ ልጅ አጉረመረመ።

«እኔኮ ያንን ጋዜጣ ስንት ጊዜ አውጥቼ ለሌላ ድርጅት ልስጠው ብያለሁ። ዴልሂ ውስጥ ይህንኑ ብቻ የሚሠሩ አሉ። ሱንዳሬሳን ከላይ ሆኖ ይታዘበኛል እያልኩ ነው የተውኩት። አንቺ ደግሞ የምትወጂው ይመስለኝ ነበር! ሰኞ ሰኞ ስታነበንቢ፣ ይቺ ሴት እንዴት ደስ ብሏት ነው የምትሠራው እል ነበር!»

«እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ነበር የማነበንበው።»

ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው፤ ሆዱን ይዞ። እሷም ተከተለች፤ እንባዋን በሳሪዋ ጫፍ እየጠረገች። ስቴላ ምን ሆኑ ብላ በሩን ከፍታ አየቻቸውና መልሳ ዘጋችው።

ሳቁ ሲበርድ ሴሻድሪ ጠየቃት። «እና ምን ልትሠሪ ነው? ባዶ እጅሽን ተቀመጪ አልልሽም።»

«አላውቅም» አለች ከልቧ። «ግን የስንቱን ሰው ስም ጠብቄ፣ የአንዱንም ፊት አላየሁም። ቢቻል እነሱን ባይ ደስ ይለኛል።»

አለችው እንጂ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልጋ በአልጋ አልነበሩም። ሰኞ ማሽኑ ያመጣውን አበጥራ ስትጨርስ ፀሐይ ገና አናት ላይ አልወጣችም። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ሜዳ ሆኑባት። ጥቅም የሌላት መሰላት። የሰውን መደርደሪያ ሁሉ አራግፋ አስተካከለች፤ ስቴላ መቀሷን አጥታ እስክትጮህ ድረስ።

«አካ፣ በእናትዎ ወይ ቁጭ ይበሉ ወይ ሌላ ቢሮ ሄደው ያስተካክሉ! ትናንት ስልኩን ራሱ ፈልጌ ነው ያገኘሁት!»

አላሜሉ ሳቀች፤ ማታ ግን ለሚቲሊ ደውላ፣ «ማሽን ይምጣልኝ ብዬ የለመንኩት እኔው ነኝ። አሁን እኔም ትርፍ ሆንኩ መሰለኝ» አለቻት። ሚቲሊ በሆሱር ሐኪም ቤት ነርስ ናት። «እማ፣ ዕረፍት ስላልለመድሽ ነው። ሕመምተኛም ክራንቹን ሲጥል መጀመሪያ ይንገዳገዳል» ብላ አጽናናቻት።

እንዲህ እያለች ሳለ ማሽኑ በቀቀን ይዞ መጣ።

ደንበኛው ሙታያ የሚባሉ የኮቪልፓቲ ክብሪት ሠሪ ናቸው። ሳጥናቸው ላይ ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጠ አረንጓዴ በቀቀን አለ፤ በደቡቡ ወገን የማያውቀው የለም። አሁን ከዚያው ከኮቪልፓቲ አንድ አዲስ አመልካች ተነሥቶ ቁርጥ ያንኑ በቀቀን፣ ቁርጥ ያንኑ ቅርንጫፍ ይመዝገብልኝ ብሏል። ገና ለገበያ አላወጣውም። ሙታያ በስልክ ሲሰሙ ጣሪያ ነኩ፤ «ሌባውን ክሰሱልኝ! ልብሱ እስኪያልቅ ፍርድ ቤት አመላልሱልኝ!» አሉ።

በድሮው አሠራር ተቃውሞው ወዲያው ይጻፋል፤ ነገሩም ከችሎት ችሎት እየተንከባለለ ዓመታት ይበላል። ኒራንጃና ወረቀቱን አገላብጣ፣ «የአንድ ከተማ ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው ሄዶ ቢያያቸው ጥሩ ነበር» አለች።

«እኔ ልሂድ» አለች አላሜሉ።

ሴሻድሪ ከመነጽሩ በላይ አያት። «አንቺ ጠበቃ አይደለሽም!»

«ለጠብማ ጠበቃ አያጡም፣ ሳር። እኔ ምሳዬን ቋጥሬ ሄጄ አይቼ ልምጣ።»

በባቡር ሄደች። ኮቪልፓቲ ስትደርስ ጧት ነበር፤ አየሩ ደረቅ ነው፤ ክብሪት የሚሠራው ዝናብ በማይበዛበት አገር ነውና። ሙታያ ሽርጥ የሚመስለውን ነጭ ዶቲያቸውን አጣፍተው፣ ነጭ ሪዛቸውን አበጥረው ግቢያቸው በር ላይ ቆመው ነበር።

«እመቤት፣ ጠበቃው የታለ?»

«እኔን ነው የላኩኝ።»

«ጠበቃ ነዎት?»

«አይደለሁም።»

«ታዲያ ምንድን ነዎት?»

«ስምዎን ስጠብቅ የኖርኩ ሰው ነኝ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና ወንበር አስመጡላት። ቅቤ የወጣለት አሬራ ቀረበላት። ከዚያ ስለ ሌባው ሲራገሙ ቆዩ። አላሜሉ ስድቡ እስኪያልቅ ጠብቃ፣ «አመልካቹን ያውቁታል?» አለች።

«የት አውቄው! መነጽሬን ሳላደርግ እዚያ ወረቀት ላይ ምን እንደተጻፈ አልለይም። ለልጆቼ እንዳላስነብብ፣ ሁለቱም ቲሩኔልቬሊ ከተማ ሄደው የሰው ጥርስ ይነቅላሉ። እርስዎ ያንብቡት።»

አነበበችላቸው። «ፖኑታይ፣ የቼላዱራይ ልጅ። ከማሪያማን ቤተ መቅደስ ጀርባ።»

ሙታያ ከሪዛቸው ጫፍ አንድ ጸጉር እየጎተቱ መሬት መሬት አዩ።

«ቼላዱራይ ታናሽ ወንድሜ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አብረን ነው የጀመርነው። ግቢውን ስንካፈል ተጣላን። አንድ ግድግዳ ወደዚህ ይሁን ወደዚያ ነበር ጠቡ፤ አሁን ግድግዳው ራሱ የለም። ሲሞት ቀብሩ ላይ ዳር ቆሜ ተመለስኩ። ልጅቷን ካነጋገርኩ ዓመታት አልፈዋል።» ከዚያ ቁጣቸው ተመለሰ። «ቢሆንም ስርቆት ስርቆት ነው!»

አላሜሉ አልተከራከረችም። ተነሥታ በእግሯ ወደ ቤተ መቅደሱ ጀርባ ሄደች።

ፖኑታይ እጅጌዋን ሰብስባ ከሴቶች ጋር እንጨት ስትደረድር አገኘቻት። የአባቷ መሥሪያ ዓመታት ተዘግቶ ኖሮ፣ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ እንደገና ያስነሣችው እሷ ናት። አላሜሉ ከየት እንደመጣች ስትነግራት ፊቷ ጠቆረ።

«ፔሪያፓ ነው የላከዎት?» አለች፤ የአባት ታላቅ ወንድም በእነሱ ዘንድ እንዲያ ነው የሚጠራው። «ይንገሩልኝ፣ አልፈራውም!»

«ከጠበቆቻቸው ቢሮ ነው የመጣሁት። የመጣሁት ግን ላስፈራራሽ አይደለም። ሌላ ወፍ አጥተሽ ነው?»

ፖኑታይ በእጇ ወደ ውስጠኛው ክፍል ግድግዳ አሳየቻት። የተላቀቀው ኖራ ላይ አንድ ትልቅ በቀቀን ተሥሏል።

«አባቴ ነው የሣለው። ሳጥኑ ላይ ያለው ከዚህ የተወሰደ ነው። ሌላ ወፍ መሣል የሚችል ሰው አጥቼ አይደለም፣ አካ። አባቴ በዕድሜው የሣለው አንድ ወፍ ብቻ ነው።»

አላሜሉ ግድግዳውን ብዙ ጊዜ አየችው። ሕጉ ምን እንደሚል ታውቃለች፤ ያስመዘገቡት ሙታያ ናቸውና ያሸንፋሉ። ግን ሲያሸንፉ ምን ሊያገኙ ነው? ከጓዳ የዓሣ ወጥ ሽታ መጣ።

«ምሳ ሠርተሻል?»

«አዎን።»

«ለአንድ ግትር ሽማግሌ ይበቃል?»

ፖኑታይ ከንፈሯን ነከሰች። «አይመጣም።»

አላሜሉ ወደ ሙታያ ተመለሰች። «ምሳ ተጋብዘዋል።»

«በማን?»

«በወንድምዎ ልጅ።»

«ሞቼ ነው!»

«ሳይሞቱ ቢበሉት ይሻላል። የዓሣ ወጥ ነው። እኔ ዓሣ በዞረበት አልዞርም፤ ሽታው ግን እኔን እንኳ ሊያስት ምንም አልቀረው።»

ሙታያ አጉረመረሙ፤ ሠራተኛ ላይ ጮኹ፤ በሩ ድረስ ሄደው ተመለሱ። ከዚያ ዶቲያቸውን እንደገና አጣፍተው፣ «በዚያ በኩል የማየው ሌላ ጉዳይ አለኝ» ብለው ከፊት ከፊቷ ሄዱ።

እዚያም ገብተው ሰላም አላሉም። ቀጥ ብለው ግድግዳው ፊት ቆሙ። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ያያሉ። ሽማግሌው አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አደረጉ።

«ጅራቱን አሁንም አሳጥሮታል» አሉ። «ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ!»

«አላጠረም!» አለች ፖኑታይ ከኋላቸው። «እርስዎ ነዎት ሳጥኑ ላይ ያስረዘሙት። አባባ በየቀኑ ነበር የሚስቀው። በቀቀን ሳይሆን ጣዎስ አደረገው እያለ።»

የሙታያ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ከኋላ ለቆመ ሰው ይሳቁ ያልቅሱ አይለይም ነበር። ፖኑታይ ዞራ ፊታቸውን አየች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ እግራቸውን ነካች። እጃቸውን አናቷ ላይ አሳረፉ።

«ምሳ የለም እንዴ እዚህ ቤት?» አሉ።

ዓሣው ሁለት ጊዜ ተጨለፈላቸው። ለአላሜሉ ሩዝና የምስር መረቅ ተገኘላት። እጅ ሲታጠቡ ነገሩ አልቆ ነበር ማለት ይቻላል። ሙታያ ራሳቸው ናቸው ያመጡት፤ የእሷም በቀቀን ይኑር፣ ግን ፊቱን ወደ ግራ ያዙር፤ ከሥሩም የቼላዱራይ ስም ይጻፍበት፣ ገዢ እንዳይሳሳት። «ሱቅ ላይ ጎን ለጎን ሲደረደሩ ይተያያሉ» አሉ፤ ወዲያውም እንዳፈሩ ሁሉ፣ «ገበያ ላይ ግን አልራራልሽም!» ብለው ጨመሩ።

«እኔም አልራራልዎትም፣ ፔሪያፓ» አለች ፖኑታይ።

አላሜሉ ወደ ቢሮው ስትመለስ ኒራንጃና ስምምነቱን ዕለቱን አረቀቀችው። የተለመደውን ክፍል ማሽኑ ሞላው፤ ጣትና አእምሮ የሚፈልገው ስለ በቀቀኑ አንገት የሚያወራው አንቀጽ ብቻ ነበር። ሴሻድሪ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ።

«ስንት ዓመት የምንሟገትበትን ጉዳይ በአንድ ድስት ወጥ ገደልሽብኝ እኮ!»

«ልመልሰው?» አለች አላሜሉ።

«ኧረ ተይው። ይልቅ ዓሣውን ሳትቀምሺ እንዴት ጣፋጭ ነው ብለሽ መሰከርሽ? ይኼ የሐሰት ምስክርነት ነው።»

ሙታያ ያገኙትን ነጋዴ ሁሉ «ማይላፖር ሂድ» እያሉ ይልኩ ጀመር። የማስታረቅ ጉዳይ ሲመጣ ቢሮው አላሜሉን መላክ ለመደ። ኒራንጃናም የሥራ መደቧን ስም ቀይራ በበሩ ላይ ልታስለጥፍላት ብላ ምን እንደምትለው ስታጣ፣ ስቴላ «ሽማግሌ በሉት» አለች፤ ሳቅ ሆኖ ቀረ። ማንም ከሥራው አልወጣም። ያው ሰው በዚያው ሰዓት ከበፊቱ የበዛ ደንበኛ ያስተናግዳል፤ ደንበኛ ሲደውልም የሚያነጋግረው ያገኛል። ሴሻድሪ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሄዶ ጋደም ይል ጀመር።

ሁሉም እንደ ኮቪልፓቲው አልሰመረላትም። የማዱራይ ሳሙና ሠሪ በሩን ፊቷ ላይ ዘግቶባታል፤ ያ ጉዳይ አሁንም ችሎት ላይ ነው። የቬሎር ሁለት ቆዳ ነጋዴዎች ታርቀው ሻይ ጠጥተው፣ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ እንደገና ተጣልተዋል። አላሜሉ እንዲህ ያለውን ስታወራ የተሸነፈ ሰው ድምፅ የላትም። ዓይኗ ተሽሏታል። እንቅልፏም እንደ ልጅነቷ ሆኖላት ባቡር ውስጥ ሳይቀር ድብን ብላ ትተኛለች። ሚቲሊ «በስተርጅና ባቡር ለባቡር ምንድን ነው!» ብላ ስትቆጣት፣ «አያትሽም መሰላል ለመሰላል ነበር የኖረው» ብላ ታልፋታለች።

ባለፈው ሳምንት ወደ ኤሮድ ሄዳለች። ሁለት የእርድ ቅመም ነጋዴዎች በአንድ ስም ተጣልተው፣ አንዱ ያለበት ክፍል ሌላው አይገባም። አላሜሉ ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ስትመላለስ እግሯም የሳሪዋ ጠርዝም ቢጫ ሆነ። ወደ ማታ ኒራንጃና ደወለች።

«አካ፣ እንዴት ሆኑ?»

«ሁለቱም ድንጋይ ናቸው» አለች አላሜሉ፤ የገበያው ጫጫታ ከኋላዋ ይሰማል። «ግን የአንዱ ሚስት ነገ ቁርስ ላይ ነይ ብላኛለች። የዛሬውን ባቡር ሰርዢልኝ፣ አልመጣም።»

ስልኩን ዘግታ፣ ለነገው ቁርስ ጸጉሯ ላይ የምትሰካውን ጃስሚን ልትመርጥ ወደ አበባ ሻጮቹ ዞረች።